ቀጭን ጥይት ለትልቅ አውሬ፦ የሚሊሜትሩ ክርክር የሳተው ነገር

ፒያሳ፣ ከፈረሳው የተረፈች አንዲት ማኪያቶ ቤት ውስጥ የሰማሁት ክርክር ነው ይህን የሚያስጽፈኝ። አንዱ ልጅ ስልኩን ስኒ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ አንድ አዳኝ ኤልክ የሚባለውን ቀንዳም አውሬ ይተኩሳል። እንስሳው ከ300 ኪሎ በላይ ነው። ጥይቷ ግን እኛ በኤም 16 የምናውቃት ባለ 5.56 ሚሊሜትር ዓይነት ናት። ኤልኩ ጥቂት ተራመደና ወደቀ።

«ተቀናብሯል፣ ውሸት ነው» አለ አንዱ። «ክላሽ እንኳ ከዚህች ይወፍራል እኮ» አለ ሌላው። ጥግ ይዘው ጋዜጣ የሚያነቡ ጋሼ ቀና አሉና «ልጆች፣ በምንሽር ያልተጣለ አውሬ ተጣለ አይባልም» ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

ቪዲዮው አልተቀናበረም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከአዳኞች መሐል አንድ ወገን ተነስቷል። ኤልክም ድብም በቀጫጭን ጥይት እየጣለ «ትልቁ ጠመንጃ ለምን አስፈለገ?» ይላል። ፋብሪካዎቹም ገበያው ሸቷቸዋል። ሆርናዲ የተባለው ጥይት አምራች እ.ኤ.አ. በ2020 6 ሚሜ ኤአርሲ የምትባለውን አወጣ። በ2024 ደግሞ ከእሷም የቀጠነችውን 22 ኤአርሲ ገበያ ላይ አዋለ።

የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ። ይህ ወገን ስለ ጥይት የሚለው በአብዛኛው ልክ ነው። የሚሳሳተው ስለ ተኳሹ ሲገምት ነው። የእኛ ተራራ ላይ ሲመጣ ደግሞ ሒሳቡ ጭራሽ ይለወጣል።

ጥይት መቅጠን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በዓድዋ ዘመን የነበረው ውጅግራ 11 ሚሊሜትር ነበር። 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውራል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። በሁለተኛው ዓመት 8 ሚሊሜትሩ ሌበል ጠመንጃ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዓለም ወደ 11 አልተመለሰም። ጋሼ ያወደሱት ምንሽር ራሱ በዘመኑ የቀጭን ጥይት ጠመንጃ ነበር። ያኔም «ይቺ ቀጭን ነገር ምን ትገድላለች?» ያለ አይጠፋም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአረር ጉልበት ከክብደቱና ከፍጥነቱ ይመጣል። ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀጭኑን ማፍጠን አዋጪ ነው። 5 ግራም አረር የምትወረውረው የቪዲዮዋ ጥይት ከአፈሙዝ ስትወጣ 1,760 ጁል አካባቢ ትይዛለች። የክላሽ አረር 8 ግራም ነው፣ ጉልበቱም 2,000 ጁል ገደማ። በብዙ አገር የተለመደው የአደን ጥይት፣ ነጥብ 308 (ውፍረቱ በኢንች ሲለካ)፣ 3,600 ጁል ይደርሳል። ለጎሽና ለዝሆን የሚያዘው ነጥብ 375 ሆላንድ ደግሞ ወደ 5,800 ይጠጋል። እሱ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ አለ።

በዚህ ቁጥር ብቻ ከሄድን ልጁ ያለው ልክ ነው። ክላሽ ከቪዲዮዋ ጥይት ይበልጣል። ሆኖም ክላሽ መጥፎ የአደን መሣሪያ ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንስሳ በጁል አይሞትም። በሁለት መንገድ ይሞታል። አንጎሉ ወይም አከርካሪው ሲመታ እዚያው ይወድቃል። ልቡና ሳንባው ሲቀደድ ደግሞ ደሙ ይፈስና አንጎሉ አየር ያጣል። ይሄኛው ሴኮንዶች ይፈጃል፤ እንስሳው ሊሮጥ ይችላል። ፊልም ላይ እንደምናየው በጥይት ኃይል ተገፍትሮ ወደኋላ መወርወር የሚባል ነገር የለም። አረሩ እንስሳውን የሚገፋው ሰደፉ የተኳሹን ትከሻ ከሚገፋው አይበልጥም።

ሥጋ ቤት የሚያዘወትር ሰው ቦታውን ለመገመት አይቸገርም። ከወርቹ አጥንት ትንሽ ወደኋላ፣ ከፍርምባው ትንሽ ከፍ ብሎ። ልብና ሳንባ እዚያ ናቸው። አረሩ ወደ ሽንጡ ባዘነበለ ቁጥር የሚያገኘው ጨጓራና አንጀት ነው። እዚያ የተመታ እንስሳ ይሞታል፤ ግን ከሰዓታት ስቃይ በኋላ፣ ምናልባትም ማንም ሳያገኘው።

ዋናው ጥያቄ እንግዲህ አረሩ እዚያ ከደረሰ በኋላ ምን ይሠራል የሚለው ነው። የአደን አረር አፉ ለስላሳ ወይም ክፍት ነው። ሥጋ ሲያገኝ እንደ አሠራሩ ይፈነዳል፣ ማለት አፉ ተከፍቶ ይሰፋል፣ ወይም ይበታተናል። የቀጭን ጥይት ወገን የሚወደው አረር የዚህ የመጨረሻው ዓይነት ነው። ረጅምና ለቀጭንነቱ ከባድ ነው፤ ሽፋኑ ስስ ነው። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይገባና ይሰባበራል። እያንዳንዱ ስብርባሪ ሳንባውን በየራሱ አቅጣጫ ይበሳዋል፤ የተበሳውን ደግሞ የአረሩ ግፊት ወጥሮ ይቀደዋል። ቀዳዳው ከውጭ ትንሽ ነው። ውስጡ ግን ጉድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማርቲን ፋክለር የተባለ የአሜሪካ ጦር ቀዶ ሐኪም ጄላቲን ላይ እየተኮሰ ይህንን አሳይቷል። የኤም 16 ቁስል ከባድ የሆነው አረሩ ስለሚሰባበር ነው። የክላሽ መደበኛ አረር በአንጻሩ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከሄደ በኋላ ነው የሚገለበጠው። በዚያ ርቀት ውስጥ የብዙ እንስሳትን ሳንባ አልፎ ይወጣል። የሚተወው ጠባብ ቦይ ነው። እንስሳው ይሸሻል፤ ቀስ ብሎ ይሞታል።

ለምን እንዲህ ተሠራ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ሄግ ላይ የተደረሰ ስምምነት አለ። ሰው ገላ ውስጥ የሚፈነዳ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ይከለክላል። ስለዚህ የወታደር አረር ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነ ነው። በአደን ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የእንግሊዝና ዌልስ የአጋዘን ሕግ የማይፈነዳ አረር መተኮስን አይፈቅድም። ሰው ላይ ጭካኔ የተባለው እንስሳ ላይ ርኅራኄ ሆነ። ግራ ያጋባል፤ ግን በሁለቱም በኩል ምክንያት አለው። ወታደር ከቆሰለ ሐኪም ይደርስለታል። ለአውሬ ማንም አይደርስለትም።

የቀጭን ጥይት ወገን የሚወደውን አረር ግን የተገኘ ጠመንጃ ሁሉ አይተኩሰውም። ረጅም ስለሆነ አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ በየ18 ወይም 20 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ዙር መሙላት ይኖርበታል። የድሮዎቹ የዚህ ጥይት ጠመንጃዎች ዙሩን የሚሞሉት በ30 ሳንቲ ሜትር ነበር። ረጅሙ አረር በእነሱ ሲተኮስ አየር ላይ ይገለበጣል። «ነጥብ 223 (የቪዲዮዋ ጥይት በኢንች ስትጠራ) ለትልቅ እንስሳ አይሆንም» የሚለው የድሮ ፍርድ ከፊሉ የመጣው ከዚያ ዘመን አጭርና ቀላል አረር ነው። ሽማግሌዎቹ አልዋሹም። የፈረዱት በሌላ አረር ላይ ነበር።

የዚህ ወገን ጠንካራ ክርክር ግን ትከሻ ላይ ነው ያለው። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደኋላ ይመታል። በቪዲዮዋ ጥይት ይህ ምት 5 ጁል ያህል ነው። በነጥብ 308 ወደ 23፣ በነጥብ 375 ወደ 50 ይደርሳል። ትከሻው ደጋግሞ የተመታ ሰው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። ሳያውቀው። ወንድነቱ የሚነካ መስሎት አያምንም እንጂ ብዙው ሰው እንዲህ ነው። ከዚያ ያቺ የምትጨፈን ዓይን አረሩን ከወርቹ ኋላ አንስታ ጨጓራ ላይ ትጥለዋለች።

ቀላል ጠመንጃ የያዘ ሰው ብዙ ይለማመዳል። ጥይቱም ስለሚረክስ ደጋግሞ ይተኩሳል። አረሩ የት እንዳረፈ በመነጽሩ ውስጥ እያየ፣ ካስፈለገ ወዲያው ይደግማል። በትልቁ ጠመንጃ መጥፎ ቦታ ከመምታት በትንሹ ጥሩ ቦታ መምታት ይሻላል። ይህንን የሚክድ አዳኝ አላየሁም። ጠቡ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

የቤል ዝሆኖች

ቀጭን ጥይት በተነሳ ቁጥር አንድ ስም አብሮ ይነሳል። ዋልተር ቤል፣ በቅጽል ስሙ ካራሞጆ ቤል፣ እ.ኤ.አ. በ1880 የተወለደ ስኮትላንዳዊ ነው። ካራሞጆ የተባለው ኡጋንዳ ውስጥ ባለው በካራሞጃ ምድር ስላደነ ነው። እኛም ዘንድ ጋምቤላ፣ ጊሎ ወንዝ አካባቢ ደርሷል። ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል። በዛሬ ዓይን ሲታይ ያሳቅቃል፤ በዚያ ዘመን የዝሆን ጥርስ ነጋዴ ሥራ ነበር። ብዙዎቹን የጣለው በ7 ሚሊሜትር ማውዘር ነው። ሌሎች አዳኞች ትከሻ የሚሰብር ጠመንጃ በሚሸከሙበት ጊዜ።

የዛሬዎቹ ቤልን እንደ ምስክር ይጠሩታል። ግን የቤል አረር የእነሱ አረር ተቃራኒ ነበር። 11 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ረጅም፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ የማይፈነዳ። የሚያነጣጥረው ሳንባ ላይ ሳይሆን በአብዛኛው አንጎል ላይ ነበር። የዝሆን ጭንቅላት በመጋዝ ከፍሎ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል። የእሱ አረር የሠራው ስላልተሰበረ ነው። የዛሬው የሚሠራው ስለሚሰበር ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ቀጭንነታቸው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ትንሹ ነገር ነው።

ሌላም አለ። ቤል በየቀኑ ይተኩስ ነበር። ኑሮው ነው። ካልተመቸው አይተኩስም፤ ነገም ዝሆን አለ። ፈቃድ ከፍሎ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ለሁለት ሳምንት የመጣ ሰው ይህ ትዕግሥት የለውም። አሥረኛው ቀን ላይ እንስሳው ጎኑን ሳይሆን ጀርባውን ሰጥቶ ቢቆምም ቃታውን ይስባል።

ቀጭን ጥይት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጎኑን ሰጥቶ የቆመ እንስሳ ሳንባ ላይ ለመድረስ አንድ የጎድን አጥንት መሻገር ይበቃል። በስተኋላ ሆኖ በሰያፍ ሲተኮስ ግን አረሩ ጨጓራ ሞልቶ የተነፋ ሆድ አቋርጦ መሄድ አለበት። ከፊት በሰያፍ ሲሆን ወፍራሙ የወርች አጥንት ይቆማል። የሚሰባበር ቀጭን አረር እዚያ ሳይደርስ ያልቃል። ርቀትም አለ። ብዙው የአደን አረር በሚገባ እንዲፈነዳ ሲያርፍ በሴኮንድ 550 ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች ከሆነ ሳይከፈት ያልፋል፤ የአደኑ አረር ወደ ወታደር አረር ይለወጣል ማለት ነው። ደግሞ አረሩ ውስጥ ከቀረና መውጫ ቀዳዳ ከሌለ መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ደም ትንሽ ነው። ሣርና ቁጥቋጦ ባለበት ዱካ መከተል ይከብዳል።

ስለ ቪዲዮዎቹም አንድ ነገር ልበል። የወደቀው ይለጠፋል። ቆስሎ የጠፋው አይለጠፍም።

ሕግ አውጪዎች ይህንን ሁሉ በቁጥር ለመያዝ ሞክረዋል። የስዊድን ሕግ ለትልልቅ አውሬ 9 ግራም አረር 100 ሜትር ላይ 2,700 ጁል እንዲይዝ ይጠይቃል። አረሩ 10 ግራም ከሞላ ግን 2,000 ይበቃዋል። ይህ ብልህ ሕግ ነው፤ የሚመዝነው ውፍረቱን ሳይሆን ክብደቱንና ጉልበቱን ነው። ስዊድናውያን ከ100 ዓመት በላይ 6.5 ሚሊሜትር ጥይታቸውን ይዘው ሙዝ የሚባለውን ግዙፍ አውሬ ሲጥሉ የኖሩትም በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። የአሜሪካው ኮሎራዶ ግዛት ለኤልክ ከ6 ሚሊሜትር በታች አይፈቅድም። ያ የፒያሳው ቪዲዮ እዚያ ቢቀረጽ ኖሮ ወንጀል ነበር። ዚምባብዌ ለዝሆንና ለጎሽ 9.2 ሚሊሜትርና 5,300 ጁል ትጠይቃለች። ጎሽ ላይ ክርክር የለኝም። የቆሰለ ጎሽ ተመልሶ ይመጣል፤ የሚመጣውም ወደ ተኳሹ ነው።

ወደ ባሌ ስንመጣ

እዚህ መሐል አዲስ አበባ ለምን ያሳስበናል? አብዛኞቻችን የዱር እንስሳ የምናውቀው አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ካለው ሙዚየም ነው። ግን የአደን ፈቃዱን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማ ነው። የውጭ አዳኝም ጠመንጃውን ይዞ የሚያርፈው ቦሌ ነው። የዚህ ፋሽን በር እኛው ጋ ነው።

አዳኙ ከሁሉ በላይ የሚመጣበት እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በስሙ ካላወቃችሁት ድሮ በነበረን አሥር ሳንቲም ጀርባ ላይ አይታችሁታል፤ ያጨሰ ደግሞ «ኒያላ» ሲል ኖሯል። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ በክብደቱ ከቪዲዮው ኤልክ ብዙም አይርቅም። ባሌና አርሲ ተራሮች ላይ፣ በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ይኖራል። ዓለም አቀፉ የጥበቃ መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡት መሐል ጽፎታል። ሆኖም እንደ ሙነሳና አርባ ጉጉ ባሉ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች በኮታ ይታደናል። መታደኑ ይገባል ወይ የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። እኔ አሁን እያልኩ ያለሁት፣ የሚታደን ከሆነ በምን ይታደን ነው።

ቦታው ራሱ ይናገራል። ከሸለቆው ማዶ ይተኮሳል፤ ርቀቱ 300 ሜትር ሊሆን ይችላል። የተራራ ንፋስ አለ፤ ቀላል አረርን ይገፋል። እንስሳው የሚቆመው አስታ ውስጥ ነው። አስታ ማለት ሰው የሚውጥ ቁጥቋጦ ነው። ቆስሎ ሁለት መቶ ሜትር ከገባ፣ ደሙም የማይታይ ከሆነ፣ መሪው ከነረዳቶቹ ሲፈልግ ይውላል። ካልተገኘ የጅብ ነው።

በአፍሪካ የአደን ገበያ ደም የፈሰሰው እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ አዳኙ ዋጋውን ይከፍላል። ለገንዘቡ ፍትሐዊ ነው። ለኮታው ግን አይበቃም። አዳኙ ቢለምን፣ መሪው ቢያዝን፣ ሌላ ቢፈቀድለት፣ ከመንጋው የጎደሉት ሁለት ናቸው። ኮሎራዶ ላይ አንድ ኤልክ ቢጠፋ በመቶ ሺህ ከሚቆጠር ውስጥ ነው። ባሌ ላይ አንድ ወንድ የደጋ አጋዘን ሲጠፋ እንደዚያ አይደለም። ቀጭኑ ጥይት የሚጠይቀው ጥንቃቄ አሜሪካ ውስጥ የአዳኙ የግል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እዚህ የአገር ጉዳይ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ለእኛ እንስሳት ትልቁ የጥይት አደጋ ቱሪስቱ አይደለም። ቱሪስቱ ጥቂት ነው፤ መሪና ጠባቂ አብሮት አለ። አደጋው ክላሹ ነው። ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ተከልክሏል፤ መሣሪያውም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለው። ሆኖም ክላሽ ቆላውም ደጋውም ውስጥ አለ። በማይፈነዳ አረር፣ በፋታ የለሽ ተኩስ፣ ቦታ ሳይለዩ የሚተኮስበት እንስሳ በጠባብ ቦይ እየደማ ይሄዳል። ቀጭን ጥይት ትልቅ አውሬ ይጥላል የሚለውን ቪዲዮ አይቶ ክላሽ የሚያነሳ ልጅ ቢኖር፣ የሚመስለው ነገር ከሚያደርገው ነገር ጋር አይገናኝም። አሜሪካዊው የተማመነው በአረሩ መሰባበር ነው። የክላሹ አረር አይሰባበርም።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ስለ ጥይት ሲጽፍ ሚሊሜትር ላይ ብቻ ባይቆም ደስ ይለኛል። ፈቃዱ ላይ የአረሩ ክብደትና ዓይነት ይጻፍ። ለደጋ አጋዘን የስዊድኑ ልክ መነሻ ይሁን፤ 6.5 የያዘ ይገባል፣ 5.56 የያዘ ይቀራል። ከዚያ ደግሞ ተኳሹ ይፈተን። ኖርዌይ ውስጥ ትልቅ አውሬ የሚያድን ሰው በየዓመቱ ይፈተናል። 100 ሜትር ላይ፣ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ አምስት ጥይት ያሳርፋል። ካልቻለ አያድንም። እኛ ጋ አስጎብኚ ድርጅቶች ደንበኛው ካምፕ እንደደረሰ ወረቀት ላይ ያስተኩሱታል፤ መነጽሩ በጉዞ እንዳልተዛባ ለማየት ነው። ያው ወረቀት፣ ያው አምስት ጥይት፣ ባለሥልጣኑ የመደበው ጠባቂ ፊት ይሁን። ውጤቱም ፈቃዱ ጀርባ ላይ ይፈረም። ስንት ሜትር ድረስ እንደሚተኩስ የሚወሰነውም በዚያው ወረቀት ነው፤ አምስቱን ጥይት 200 ሜትር ላይ መሰብሰብ ያልቻለ ሰው ሸለቆ ማዶ አይተኩስም፣ የያዘው ጠመንጃ ምንም ይሁን ምን።